ተራው ወይስ ባለተራው?

ቤዝቦል በአገራችን ሜዳዎች እምብዛም የማይታይ ጨዋታ ነው። አብዛኞቹ የዚህ መጽሔት አንባብያን ሕጉን ጠንቅቀው እንደማያውቁት እንገምታለን፤ በአሜሪካ ዘመድ ያላቸው ጥቂቶች ምናልባት በወሬ ሰምተውት ይሆናል። ይሁን እንጂ በዚህ ዓምድ ስለ ቤዝቦል ለመጻፍ የተነሣነው ስፖርት ለማውራት ብለን አይደለም። ናሽናል ሊግ ከተመሠረተበት ከ1876 ጀምሮ የእያንዳንዱ ተጫዋች ውጤት በቁጥር ሲመዘገብ የኖረበት ጨዋታ በመሆኑ፣ ስታቲስቲክስ ለሚማርና ለሚያስተምር ሰው እንደ ቤተ ሙከራ ያገለግላል። ከዚህ ቤተ ሙከራ ለዛሬ የመረጥነው ጥያቄ አንድ ነው፤ አንድ መቺ በቡድኑ የመምቻ ቅደም ተከተል ውስጥ የሚቆምበት ቦታ የመምታት ውጤቱን ይለውጠዋልን? (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን አቋማችንን እንግለጽ። ቦታው የሚለውጣቸው ነገሮች አሉ፤ ሆኖም ሕዝቡም፣ ጋዜጠኛውም፣ አንዳንዴም አሰልጣኙ ራሱ ቦታው ይለውጣቸዋል የሚሏቸው ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ የቦታው ሥራ አይደሉም። ሁለቱን ለይቶ ማየት ደግሞ ከሚታሰበው በላይ አስቸጋሪ ነው። አስቸጋሪነቱ የሚመነጨው ከሒሳቡ ውስብስብነት አይደለም፤ ከሒሳቡ በፊት መጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ሳይጠየቅ ስለሚታለፍ ነው።

ሕጉን ለማያውቁት ባጭሩ እናስታውስ። ሁለት ቡድኖች እየተፈራረቁ አንዱ ይመታል፣ ሌላው ይከላከላል። የተከላካዩ ቡድን ወርዋሪ ኳሷን ይወረውራል፤ መቺው በዱላ መትቶ በአልማዝ ቅርጽ የተቀመጡትን አራት ማረፊያዎች፣ ማለትም ቤዞቹን፣ ለመዞር ይሞክራል። ዞሮ ወደ መነሻው የተመለሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል። ወርዋሪው ሊመታ የሚችል ኳስ ሳይሰጠው አራት ጊዜ ከተገቢው ክልል ውጭ ከወረወረበት፣ መቺው ያለ ምት በነፃ ወደ አንደኛው ቤዝ ይሄዳል። በልጅነት ጨዋታችን እንደምንለው ሦስት ተጫዋቾች «ከተቃጠሉ» የመምታቱ ተራ ለሌላው ቡድን ይለቀቃል፤ ይህም በመደበኛ ጨዋታ ለእያንዳንዱ ቡድን ዘጠኝ ጊዜ ይደጋገማል። መቺዎቹም ዘጠኝ ናቸው። አሰልጣኙ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ከአንደኛ እስከ ዘጠነኛ ቅደም ተከተላቸውን ጽፎ ለዳኛው ያስረክባል፤ ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉ አይናወጥም። ዘጠነኛው ሲጨርስ አንደኛው ይመለሳል። አንድ ዙር በአምስተኛው መቺ ቢያበቃ ቀጣዩ ዙር ከስድስተኛው ይጀምራል።

ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ልማድ እንዲህ ይላል። አንደኛው ፈጣን ሯጭ ይሁን፤ ሁለተኛው ዱላውን በጥንቃቄ የሚይዝ ይሁን፤ ሦስተኛውና አራተኛው የቡድኑ ብርቱ መቺዎች ይሁኑ፤ ደካሞቹ ወደ ታች ይውረዱ። እንግዲህ የየትኛውንም ዓመት መዝገብ ወስደን መቺዎችን በቆሙበት ቦታ ብንመድባቸው፣ ከላይ የቆሙት አማካይ ውጤት ከታች ከቆሙት በግልጽ በልጦ እናገኘዋለን። ከዚህ ሠንጠረዥ ተነሥቶ «አራተኛው ቦታ መቺን ያበረታል፣ ስምንተኛው ያደክማል» ብሎ ለመደምደም የሚቸኩል ሰው ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ብርቱውን አራተኛ ያቆመው አሰልጣኙ ነው፤ ደካማውንም ስምንተኛ ያወረደው እርሱው ነው። ሠንጠረዡ የነገረን አሰልጣኞች ተጫዋቾቻቸውን እንደሚያውቁ ብቻ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ የመራጩን ሥራ ለቦታው ሰጥተነዋል።

ይህን ካልን በኋላ ቦታው በእውነት የሚወስነውን እንመልከት። ከሁሉ የማያጠራጥረው የዕድል ብዛት ነው። ጨዋታው ሲያበቃ በመጨረሻ የመታው ሰው ከዘጠኙ አንዱ ነው። እርሱና ከእርሱ በፊት ያሉት፣ ከእርሱ በኋላ ካሉት ይልቅ አንድ የመምታት ዕድል ጨምረው አግኝተዋል ማለት ነው። ሦስተኛውና አራተኛው መቺ የዕድላቸው ቁጥር የሚለያየው ጨዋታው በሦስተኛው መቺ ላይ ያበቃ እንደሆነ ብቻ ነው። የመጨረሻው መቺ ከዘጠኙ ማንኛቸውም ሊሆን በተቀራራቢ ዕድል ይችላል ብንል፣ ይህ የሚሆነው ከዘጠኝ ጨዋታ በአንዱ ነው። በአሜሪካ ዋናው ሊግ አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ስለሚያደርግ፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ማለት በዓመት 18 ያህል የመምታት ዕድል ያሳጣል። ከአንደኛ ወደ ዘጠነኛ የወረደ ሰው ስምንት ጊዜ 18፣ ማለትም 144 ያህል ዕድል ያጣል። አንድ ቋሚ ተጫዋች በዓመት የሚያገኘው ስድስት መቶና ሰባት መቶ አካባቢ ስለሆነ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ለዚህ ስሌት እርሳስና ወረቀት ይበቃሉ፤ ቢሆንም በዓመቱ መጨረሻ የሁለት ተጫዋቾች ድምር ጎን ለጎን ሲቀርብ ይህን ልዩነት የሚያስታውስ ሰው ብዙ አይገኝም።

ሁለተኛው ጉዳይ መቺው ዱላውን ይዞ ሲቆም ከፊቱ የሚያገኘው ሁኔታ ነው። አንደኛው መቺ በእያንዳንዱ ጨዋታ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ማለትም በመጀመሪያው ዙር፣ ቤዞቹ ሁሉ ባዶ ሆነው ይጠብቁታል። በኋላም ሲመለስ ከእርሱ በፊት የመቱት ስምንተኛውና ዘጠነኛው፣ በልማዱ መሠረት ደካሞቹ፣ ናቸው። አራተኛው ግን ከፊቱ የነበሩት ሦስቱ ብርቱዎች በመሆናቸው ቤዞቹ ላይ ሰው የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። በቤዝቦል መዝገብ ውስጥ «ያስገባቸው ነጥቦች» የሚባል ቁጥር አለ፤ መቺው በመምታቱ ምክንያት ወደ መነሻው ተመልሰው ነጥብ ያስገኙ ሰዎች ድምር ነው። ይህ ቁጥር ለብዙ አሥርተ ዓመታት የመቺነት ክብር መለኪያ ሆኖ ቆይቷል፤ የደመወዝ ክርክር ሲነሣም ይጠቀሳል። እኛ ግን ከቁጥሮች ሁሉ ይህን ያህል በጎረቤት ላይ የተመረኮዘ አለ ብለን አናምንም።

የ1990ን ዓመት እንውሰድ። በዚያ ዓመት የሳንዲያጎ ፓድሬስ ተጫዋች የነበረው ጆ ካርተር በ162 ጨዋታ 115 ነጥብ አስገባ። የመምታት አማካዩ፣ ማለትም መትቶ ቤዝ የደረሰበት ጊዜ ለሙከራው ብዛት ሲካፈል፣ 0.232 ብቻ ነበር፤ በማናቸውም መንገድ ቤዝ የመድረስ ምጣኔው ደግሞ 0.290። ሁለቱም ለአንድ ቋሚ ተጫዋች ዝቅተኛ ናቸው። በዚያው ዓመት በኦክላንድ አትሌቲክስ አንደኛ ሆኖ የሚመታው ሪኪ ሄንደርሰን በ136 ጨዋታ ያስገባው 61 ነጥብ ብቻ ነው። አማካዩ ግን 0.325፣ ቤዝ የመድረስ ምጣኔው 0.439፣ ኳሷን ከሜዳው ውጭ የላከበት ጊዜም 28 ሲሆን የካርተር 24 ነበር። ሄንደርሰን ያነሰ ጨዋታ መጫወቱን ብናስብ እንኳ የነጥቡ ልዩነት የሚፈታ አይደለም። ካርተር የሚመታው በቡድኑ መካከለኛ ቦታ ላይ ነበር፤ በዚያ ቡድን ውስጥ ደግሞ እንደ ቶኒ ግዊንና ሮቤርቶ አሎማር ያሉ ቤዝ መድረስ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። እርሱ የሠራውን አናሳንስም፤ የመጣለትን ሰው ማስገባትም ሥራ ነው። ነገር ግን 115 የሚለው ቁጥር የካርተር ብቻ አይደለም። መራጮቹ በዚያ ዓመት የአሜሪካን ሊግን ምርጥ ተጫዋች ክብር ለሄንደርሰን መስጠታቸው ሠንጠረዡ ሁሉንም ሰው እንዳላታለለ ያሳያል።

ከአሥር ዓመት በኋላ በሳንፍራንሲስኮ ጃያንትስ ጄፍ ኬንት 125 ነጥብ አስገብቶ በ2000 የናሽናል ሊግ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። እርሱ አራተኛ ሲመታ ከፊቱ ሦስተኛ የሚመታው ባሪ ቦንድስ ነበር፤ የቦንድስ ቤዝ የመድረስ ምጣኔ ደግሞ በዚያ ዓመት 0.440 ነበር። የኬንት አማካይ 0.334 ስለነበረ ክብሩ ያለ አግባብ ተሰጠው አንልም። የቦንድስ ድርሻ ከ125ቱ ውስጥ ስንት ነው ቢባል ግን ሽልማቱ ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

አሁን ወደ አወዛጋቢው ነገር እንለፍ። የቤዝቦል ሰዎች «ከለላ» የሚሉት ጽንሰ ሐሳብ አላቸው። ከአንድ መቺ ቀጥሎ ብርቱ መቺ ካለ፣ ወርዋሪው የመጀመሪያውን በነፃ ማሳለፍ ስለሚፈራ የሚመታ ኳስ ለመስጠት ይገደዳል፤ ስለዚህ ከብርቱ ሰው ፊት የሚቆም የተሻለ ይመታል የሚል ነው። ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ የኒውዮርክ ያንኪስ ተጫዋች የነበረው ሮጀር ማሪስ ነው። በ1961 ማሪስ 61 ጊዜ ኳሷን ከሜዳ ውጭ በመላክ የጊዜውን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ከኋላው የሚመታው በዚያው ዓመት 54 ጊዜ ያንኑ ያደረገው ሚኪ ማንትል ነበር። ማሪስ በዚያ ዓመት ሙሉ ሆን ተብሎ በነፃ እንዲያልፍ የተደረገበት አንድ ጊዜ እንኳ የለም። እንደዚያ ላለ መቺ ይህ የሚያስደንቅ ነው፤ ከማንትል መኖር ጋር መያያዙም ግልጽ ይመስለናል።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ 61ዱን የማንትል ስጦታ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካን ሊግ ከስምንት ወደ አሥር ቡድን አደገ፤ የጨዋታው ብዛትም ከ154 ወደ 162 ከፍ አለ። ይህም ማለት ቀድሞ በሊጉ ቦታ ያልነበራቸው ወርዋሪዎች ገቡ፣ ዕድሉም ጨመረ። ሦስትና አራት ነገሮች በአንድ ዓመት ሲለወጡ አንዱን መርጦ ምክንያት ማድረግ ተረት እንጂ ትንታኔ አይሆንም።

ጥያቄውን በብዙ ሺህ ምዝገባዎች ላይ የመረመሩት የኢኮኖሚክስ ባለሙያው ጄ. ሲ. ብራድበሪና የሒሳብ ባለሙያው ዳግ ድሪነን ናቸው። በ2008 ያሳተሙት ጥናት አስገራሚ ውጤት አለው። ተከታዩ መቺ ብርቱ ሲሆን ያለው መቺ በነፃ የማለፍ ዕድሉ በእርግጥ ይቀንሳል፤ እስከዚህ ድረስ ልማዱ ትክክል ነው። ነገር ግን የመምታት ውጤቱ አልተሻሻለም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ቀነሰ። ማብራሪያቸው ወርዋሪው በቸልታ ከመስጠት ይልቅ ለዚህ ሰው ጉልበቱን ያጠናክራል የሚል ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፤ አቅጣጫው ግን ከተረቱ ተቃራኒ ነው። ለእኛ ይህ ጥናት የሚማርከን አንድን «ሁሉም የሚያውቀው» ነገር ለሁለት በመክፈሉ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ሆኖ ሁለተኛው ሳይቆም ቀረ።

የነፃ ማለፉን ነገር ሌላ ሰፈርም ላይ እናገኘዋለን። በናሽናል ሊግ ለረጅም ዘመን ወርዋሪው ራሱ መምታት ነበረበት፤ ወርዋሪዎች ደግሞ መምታት ስለማይሆንላቸው ዘጠነኛ ይቆሙ ነበር። በዚህ የተነሣ ተጋጣሚው ስምንተኛውን መቺ ሆን ብሎ አሳልፎ ደካማውን ዘጠነኛ መጋፈጥ ይመርጥ ነበር። የስምንተኛው መቺ ቤዝ የመድረስ ምጣኔ በዚህ ምክንያት ከፍ ይላል፤ ሰውየው ኳስ መለየት ተምሮ ግን አይደለም። ከ2022 ጀምሮ በሁለቱም ሊጎች በወርዋሪው ፈንታ ሌላ ሰው እንዲመታ ሕጉ ስለደነገገ ይህ የስምንተኛው ቦታ ጥቅም ቀርቷል። እዚህ ላይ ቦታው ራሱ፣ ያለ ምንም ምርጫ፣ ቁጥርን ሲለውጥ እናያለን። ስለዚህ «ቦታ ምንም አይደለም» የሚሉትንም አንደግፍም።

ጥቃቅን የሚመስሉ ሌሎች መንገዶችም አሉ። አንደኛ ቤዝ ላይ ሰው ሲኖር ተከላካዩ እርሱን ለመጠበቅ ከቤዙ አጠገብ ስለሚቆም በቀኝ በኩል ክፍተት ይፈጠራል፤ በግራ የሚመታ ሰው ከዚህ ይጠቀማል። ሦስተኛ ቤዝ ላይ ያለን ሰው የሚያስገባ ከፍ ያለ ምት ተይዞ መቺው ቢቃጠል እንኳ በሙከራ ስለማይቆጠርበት አማካዩ አይጎዳም፤ ይህ የሒሳብ አያያዝ ስጦታ ነው። በላይኛው ቦታ የሚቆሙት ደግሞ ያንኑ ወርዋሪ በአንድ ጨዋታ ለሦስተኛ ጊዜ የመግጠም ዕድላቸው ይበዛል፤ መቺዎች በሦስተኛው ግጥሚያ ከመጀመሪያው የተሻለ እንደሚመቱ በሚገባ የታወቀ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን ቦታ ሲቀየር የሚሰጠው ፍርድ ነው። በጥቅምት 2006 ያንኪስ ከዲትሮይት ታይገርስ ጋር በገጠሙበት የማጣሪያ ውድድር፣ በዘመኑ ከፍተኛ ደመወዝ ከሚከፈላቸው አንዱ የነበረው አሌክስ ሮድሪገስ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች ከ11 ሙከራ አንድ ብቻ መታ። አሰልጣኙ ጆ ቶሬ በአራተኛው ጨዋታ ወደ ስምንተኛ ቦታ አወረደው። ያ ለተጫዋቹ ውርደት ነበር፤ የጋዜጦቹም ርእስ ሆነ። ሮድሪገስ በዚያ ቀን ከሦስት ሙከራ አንድም ሳይመታ ቡድኑ ተሸንፎ ወጣ።

ሒሳቡን እንሥራው። የሮድሪገስ የዚያ ዓመት አማካይ 0.290 ነበር። እያንዳንዱ ሙከራ ከሌላው ነፃ ነው ብንልና እንደዚህ ያለ መቺ 11 ጊዜ ቢሞክር፣ አንድ ወይም ባዶ የመምታት ፕሮባቢሊቲው 0.127 ያህል ይሆናል። ከስምንት አጋጣሚ በአንዱ ማለት ነው! አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት ከ500 በላይ ሙከራ ስላለው በአሥራ አንድ በአሥራ አንድ ብንከፋፍለው፣ ምንም ያልታመመና ምንም ያልተጨነቀ መቺ እንዲህ ያለ ክፉ ሰሞን አምስትና ስድስት ጊዜ ይገጥመዋል። የማጣሪያ ወርዋሪዎች ከአማካዩ የተሻሉ መሆናቸው ሲታከል ዕድሉ ይበልጥ ይሰፋል። በቀጣዩ ዓመት በ2007 ሮድሪገስ አብዛኛውን ጊዜ አራተኛ ሆኖ 54 ጊዜ ከሜዳ ውጭ መታ፤ 156 ነጥብም አስገብቶ የሊጉ ምርጥ ተባለ።

ቶሬን ለመውቀስ አይደለም፤ በአራት ቀን ውስጥ መወሰን ያለበት ሰው ከወረቀቱ ሌላ የተጫዋቹን ፊትም ያያል። እኛ የምንለው ሌላ ነው። በስምንተኛው ቦታ ሁለት ጊዜ መትቶ ቢሆን ኖሮ «ማውረዱ ቀሰቀሰው» ተብሎ ይጻፍ እንደነበር አንጠራጠርም። ተጫዋች ቦታ የሚቀየርበት ክፉ ሰሞን ሲገጥመው ነው፤ ክፉ ሰሞን ደግሞ በተፈጥሮው ያልፋል። ከክፉ ሰሞን በኋላ የሚመጣው ሁሉ፣ ቦታው ቢቀየርም ባይቀየርም፣ ወደ አማካዩ የመመለስ ዝንባሌ አለው። አሰልጣኙ ግን መድኃኒት እንደሰጠ ሐኪም ይመሰገናል።

ታዲያ እውነተኛውን የቦታ ውጤት ለመለካት ምን ያህል መረጃ ይበቃል? ቤዝ የመድረስ ምጣኔው 0.330 የሆነ መቺ እናስብ፤ ቦታ መቀየሩም ምጣኔውን በ0.010 ይለውጠዋል እንበል፤ ይህም በመቶ ዕድል አንድ ማለት ነው። ልዩነቱ ከአጋጣሚ መወዛወዝ ጎልቶ እንዲታይ፣ ማለትም ከመደበኛ ስሕተቱ ሁለት እጥፍ እንዲሆን፣ በእያንዳንዱ ቦታ 17,700 ያህል የመምታት ዕድል ያስፈልጋል። በዓመት 600 ዕድል ብንቆጥር ለአንዱ ቦታ ብቻ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተኩል ነው። በዋናው ሊግ ታሪክ ከሁሉ የበለጠ ዕድል ያገኘው ፒት ሮዝ ከ1963 እስከ 1986 የተሰለፈው 15,890 ጊዜ ነው፤ የአንዱን ቦታ ድርሻ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «እኔ ሁለተኛ ስቆም ይሻለኛል» የሚል ተጫዋች ስሜቱን እየነገረን ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃ ግን በዕድሜው ሙሉ ሊሰበስብ አይችልም። መልሱ የሚገኘው የብዙ ተጫዋቾችን መዝገብ በጥንቃቄ በማጣመር ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ሚዛናዊ ለመሆን፣ አለመለካቱ አለመኖሩን አያሳይም። የሥነ ልቦናው ነገር ለአንዳንዱ ተጫዋች እውነት ሊሆን ይችላል፤ ያን ተጫዋች ከሌላው የምንለይበት መሣሪያ ግን በእጃችን የለም።

ንጹሕ የሚባለውን ሙከራ፣ ማለትም በዕጣ መመደብን፣ የሞከረ አሰልጣኝ አለ ቢባል አንባቢ ይገረም ይሆናል። በነሐሴ 1972 ቡድኑ በሽንፈት ሲንገላታ የዲትሮይቱ ቢሊ ማርቲን የመቺዎቹን ስም በባርኔጣ ከትቶ ዕጣ አወጣ። ብርቱው ኖርም ካሽ አንደኛ ወጣ፤ በዚያ ዓመት አማካዩ 0.203 የነበረው ኤዲ ብሪንክማን ደግሞ የብርቱዎች ቦታ በሆነው በአራተኛው ተሰለፈ። ዲትሮይት ክሊቭላንድን 3 ለ 2 አሸነፈ። ማርቲን ይህን ያደረገው ለሳይንስ ብሎ አልነበረም፤ ያም ሆኖ አንድ ተጫዋች በቦታው ላይ የቆመበት ምክንያት ከችሎታው ጋር ፍጹም ያልተያያዘበት ቀን ይህ ነው። ያሳዝናል፣ አንድ ጨዋታ ምንም አያረጋግጥም።

ዘጠኝ ሰዎችን በቅደም ተከተል ማሰለፍ የሚቻልበት መንገድ 362,880 ነው። እነዚህን ሁሉ በሜዳ መሞከር ስለማይቻል የሒሳብ ሰዎች ወደ ማርኮቭ ሰንሰለት ዞረዋል። ቤዞቹ ባዶ ወይም የተያዙ የሚሆኑባቸው ስምንት ሁኔታዎች በሦስቱ የመቃጠል ደረጃዎች ሲባዙ 24 ሁኔታ ይሰጣሉ፤ እያንዳንዱ ምት ጨዋታውን ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው ያሻግረዋል። በኒውጀርሲ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚያስተምሩት ብሩስ ቡኪየትና ባልደረቦቻቸው በ1997 ይህን ዘዴ በሥራ ላይ አውለውታል። በጠቅላላው እንዲህ ያሉ ስሌቶች የሚያሳዩት፣ አስተዋይ አሰልጣኝ በሚጽፈው ዝርዝርና ከሁሉ በሚሻለው ዝርዝር መካከል ያለው ልዩነት በዓመት ጥቂት ጨዋታ እንኳ የማይሞላ መሆኑን ነው። ቶም ታንጎ፣ ሚቸል ሊችትማንና አንድሪው ዶልፊን በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ ብርቱዎቹ ሦስት መቺዎች አንደኛ፣ ሁለተኛና አራተኛ ይቁሙ ብለው መከሩ፤ ሦስተኛው በመጀመሪያው ዙር ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ተቃጥሎ ቤዙ ባዶ ሆኖ ስለሚደርስ ነው። ምክሩ ሰሚ ያገኘ ይመስላል። በ2023 ካይል ሽዋርበር በፊላደልፊያ አብዛኛውን ጊዜ አንደኛ ሆኖ፣ በ0.197 አማካይ፣ 47 ጊዜ ከሜዳ ውጭ መታ፤ ሙኪ ቤትስ በሎስ አንጀለስ እንዲሁ አንደኛ እየቆመ 107 ነጥብ አስገባ። የሄንደርሰን ዘመን ሰው እንዲህ ያለ አንደኛ መቺ ቢያይ ዝርዝሩ ተገልብጦ የተጻፈ ይመስለው ነበር።

ይህን ሁሉ ያነሣነው በፋኩልቲያችን የስታቲስቲክስ አሰጣጥ ላይ የምንለው ስላለን ነው። ተማሪው በመግቢያው ኮርስ አማካይ ማስላት፣ መደበኛ ስሕተት ማውጣት፣ የሁለት ቡድኖችን ልዩነት መፈተን ይማራል። ሁለቱ ቡድኖች እንዴት ቡድን ሆኑ የሚለው ግን ወደ ኋላ ይቆያል፤ አንዳንዴም ሴሚስተሩ ሳይደርስበት ያልቃል። የፊት ወንበር የሚመርጡ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት ካመጡ፣ ወንበሩ ነው ወይስ ወንበሩን የመረጠው? ይህን ተማሪ ከፈተና ቀመሩ በፊት ብንጠይቀው፣ ቀመሩን ሲያገኘው ምን እንደማይችል አውቆ ይይዘዋል ብለን እናምናለን። ጥያቄውን በቅድሚያ ማስተማር ተጨማሪ የመማሪያ ሰዓት አይፈልግም፤ የምዕራፎችን ተራ መለወጥ ብቻ ይበቃል።

ለመልመጃ የሚሆነው መረጃም በነፃ ይገኛል። በዴላዌር ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ መምህር የነበሩት ዴቪድ ስሚዝ በ1989 የመሠረቱት ሬትሮሺት የተባለው ድርጅት የብዙ አሥርተ ዓመታት ጨዋታዎችን ምት በምት መዝግቦ ለማንም ያለ ክፍያ ይሰጣል። ሐሳባችን እንዲህ ነው። ተማሪዎች በቡድን ሆነው በአንድ የውድድር ዓመት በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ቢያንስ 150 ጊዜ የተሰለፉ መቺዎችን ይምረጡ፤ እያንዳንዱንም ከራሱ ጋር ያወዳድሩ። ከዚያ ወደ አስቸጋሪው ክፍል ይለፉ፤ ቦታው የተቀየረበትን ቀን በሁለት ይክፈሉት። አንደኛው መቺው ራሱ ስለደከመ ወይም ስለበረታ የተቀየረበት ነው። ሁለተኛው የሥራ ባልደረባው ተጎድቶ ወይም ወደ ሌላ ቡድን ሄዶ ክፍተት ለመሙላት የተቀየረበት ነው። የምት ዝርዝሩ ይህን ምክንያት አይጽፍም፤ ለዚህ የዚያን ሰሞን ጋዜጦች ማገላበጥ ያስፈልጋቸዋል።